ናፍጣ፣ ቤንዚንና ነጭ ጋዝ፦ ከአንድ ድፍድፍ የተለዩ ነዳጆች ጠባይና አያያዝ
(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን ነዳጅ ነው። «ነዳጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የግብርና ትምህርት የሆነው?» የሚል አይጠፋም። በፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የምታጠጡ ግን ይህን እንደማትጠይቁኝ አውቃለሁ። ሽንኩርት ኮረት በሚይዝበት ሰሞን የውሃው ሞተር ለአንድ ሳምንት ቢቆም ማሳው ላይ የሚደርሰውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሞተር የሚቆምበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ከእነዚያ መካከል በእጃችን ልንከላከለው የምንችለው አንዱ የነዳጁ ጉዳይ ነው። ከዚህም የከፋ አለ፤ ነዳጅ ሲሳሳቱበት ቤት ያቃጥላል፣ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ናፍጣው ናፍጣ፣ ቤንዚኑ ቤንዚን የሆነበትን ምክንያት ከሥሩ እንየው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው «ይህን አድርግ፣ ያን አታድርግ» የሚለውን መሸምደድ አያስፈልገውም።

ከመሬት የሚወጣው ድፍድፍ ነዳጅ ይባላል። ጠቆር ያለ፣ የሚሸት ፈሳሽ ነው፤ እንዳለ ሞተር ውስጥ ቢጨመር አይሆንም። በውስጡ ቀላሉም ከባዱም፣ ቶሎ የሚተነውም የማይተነውም ተደባልቆ ይገኛል። በአብዛኛው ከካርቦንና ከሃይድሮጂን የተሠራ ሲሆን ዋናው ልዩነት የርዝመት ነው። በክር እንደተሰካ ዶቃ አስቡት። አጭር ክር አለ፣ ረጅም ክር አለ። አጭሩ ቀላል ነው፤ ቶሎ ይተናል። ረጅሙ ወፍራም ነው፤ ለመተን ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። የቤንዚን ክር ከ5 እስከ 12 ገደማ የካርቦን ዶቃ አለው፤ የናፍጣ ከ10 እስከ 22 ገደማ። ከዚያ በላይ ያለው ወደ ሞተር ዘይትና ወደ ሬንጅ ይሄዳል።

ማጣሪያ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም። አረቄ የምታወጣ ሴት ድፍድፉን እንስራ ውስጥ አድርጋ ከሥር እሳት ታነዳለች። የተነነው በመቃው አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተቀመጠው ዕቃ ሲደርስ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። መጀመሪያ የሚወርደው ጠንካራ ነው፤ እየቆየ ሲሄድ እየቀጠነ መጨረሻው ውሃ ይሆናል። ባለሙያዋ የት ላይ ማቆም እንዳለባት ታውቃለች፤ ዳግም አረቄ የፈለገች ደግሞ የወረደውን መልሳ ታወጣዋለች። ነዳጅ ማጣሪያም ይህንኑ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለየቱ ነው። ድፍድፉ በምድጃ ውስጥ በተዘረጋ ቱቦ እያለፈ እስከ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ይሞቅና ረጅም የብረት ማማ ውስጥ ይገባል። የማማው ሥር የጋለ ነው፣ ጫፉ ቀዝቀዝ ያለ። እንፋሎቱ ሽቅብ ሲወጣ እያንዳንዱ ነገር ሙቀቱ ለእሱ ከሚስማማው ፎቅ ላይ ሲደርስ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ ፎቅ በቱቦ ይቀዳል።

ከጫፍ ለቡታጋዝ የሚሆነው ይወጣል። ከሱ ሥር ከ35 እስከ 200 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው የቤንዚን ክፍል አለ። ቀጥሎ ነጭ ጋዝ፣ እናንተ ላምባ የምትሉት፣ ከ150 እስከ 270 ገደማ። ቀጥሎ ናፍጣ፣ ከ180 እስከ 360 ገደማ። ከሥር የቀረው ወፍራም ነገር ለፋብሪካ ማንደጃ፣ ለሞተር ዘይት፣ ለመንገድ ሬንጅ ይሆናል። ቁጥሮቹ እርስ በርስ እንደሚደራረቡ ልብ በሉ። በነጭ ጋዝና በናፍጣ መካከል ያለው ወሰን እንደ ማሳ ወሰን በድንጋይ የተተከለ አይደለም፤ ለአጭበርባሪም ነጭ ጋዝን ናፍጣ ውስጥ መደበቅ የሚቀለው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ በፋኖስ የምናነደው ላምባና ጄት አውሮፕላን የሚበርበት ነዳጅ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

የማጣሪያው ሥራ በማማው አያበቃም። ሰው አጥብቆ የሚፈልገው ቤንዚንና ናፍጣ ስለሆነ ከሥር የቀረውን ረጅም ክር በሙቀትና በልዩ አጋዥ ንጥረ ነገር ቆራርጠው ያሳጥሩታል፤ ከወፍራሙ ተጨማሪ ቤንዚንና ናፍጣ ያገኛሉ። ለእናንተ ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ድኝ የሚወጣበት ክፍል ነው። ነዳጅ ውስጥ ያለ ድኝ ሞተር ውስጥ ሲቃጠል ከውሃ እንፋሎት ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል። አሲዱ የሞተሩን ዘይት ያበላሻል፣ ብረቱን ይበላል። የሞተር ዘይት በሰዓቱ ቀይሩ የምንላችሁ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በማጣሪያው ናፍጣውን ከሃይድሮጂን ጋር በሙቀትና በግፊት አገናኝተው ድኙን ያስወጡታል። ታዲያ በዚህ ሥራ ናፍጣው በተፈጥሮው የነበረው ልስላሴም አብሮ ይቀንሳል፤ ይህን ለመተካት ማለስለሻ ጠብ ያደርጉበታል። ይህችን ልስላሴ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

አገራችን በአንድ ወቅት ድፍድፍ ገዝታ ራሷ ታጣራ ነበር። አሰብ ላይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1997 ቆመ። ከዚያ ወዲህ ውጭ ተጣርቶ ያለቀ ነዳጅ በመርከብ ጅቡቲ ይወርዳል፣ በቦቴ ይጫናል፣ የማደያው ጉድጓድ ውስጥ ይገለበጣል። ከማደያው በርሜል፣ ከበርሜሉ ጀሪካን፣ ከጀሪካኑ ሰልባትዮ። ማጣሪያው ንጹህ አድርጎ ከለቀቀው በኋላ ስንት ጊዜ ዕቃ እንደቀየረ ቁጠሩት። በየቅያሬው ውሃ፣ አቧራ ወይም ሌላ ነዳጅ ሊገባበት ይችላል። የመጨረሻዎቹ ቅያሬዎች በእናንተ እጅ ናቸው። ያን ሁሉ እሳትና ማማ ፈጅቶ ማጣሪያው የለየውን፣ እኛ በአንድ ጀሪካን መልሰን እናደባልቀዋለን።

አሁን ወደ ጠባያቸው ልግባ። መጀመሪያ እሳቱን።

ነዳጅ ሲነድ የሚቃጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ከላዩ የሚነሳው እንፋሎት ነው። እንፋሎቱ እሳት ሲነካው ብልጭ ለማለት የሚበቃበት ሙቀት ለየነዳጁ ይለያያል። ደኅና ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ብልጭ አይልም። ነጭ ጋዝ ቢያንስ 38 ዲግሪ ይፈልጋል። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ በቂ እንፋሎት አለው። እንግዲህ በአገራችን ለቤንዚን የሚበቃ ብርድ የለም፤ ራስ ደጀን ጫፍ ላይም ክብሪት ያስነሳዋል። መተማን በመሰለ ቆላ ደግሞ ቀኑ 40 ዲግሪ ሲደርስ ነጭ ጋዝም ወደ አደጋው ክልል ይገባል።

ኩራዝ ወይም ፋኖስ በላምባ ሲበራ የማይፈነዳው ለዚህ ነው። የሚሞቀው ክሩ ነው፤ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ላምባ ቀዝቃዛ ስለሆነ እንፋሎቱ ጥቂት ነው። ላምባው ውስጥ ትንሽ ቤንዚን ከገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቤንዚኑ ከላይ በባዶው ቦታ ይተንና ከአየር ጋር ተደባልቆ እሳት ይጠብቃል። ብዙ መሆን የለበትም፤ ቤንዚን የነበረበት ጀሪካን ሳይታጠብና ሳይደርቅ ላምባ ቢቀዳበት ሥሩ ላይ የቀረው ይበቃል። ከዚያ ማታ ልጅ ፋኖሱን ይለኩሳል። ሌላ ምንም አትያዙልኝ፣ ይህን ግን ዛሬ ማታ ለቤተሰባችሁ ንገሩልኝ፦ የቤንዚን ጀሪካንና የላምባ ጀሪካን ለየብቻ ነው፤ ቀለሙ ይለይ፣ ክዳኑ ላይ ምልክት ይደረግበት፣ ማንበብ የማይችልም እንዲያውቀው። የምትጠቀሙበት ላምባ ከወትሮው የተለየ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ሽታ ካለው አታብሩት።

የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ አይሄድም፤ እንደ ውሃ ወለል ለወለል ይሄዳል። ጥግ ላይ ክዳኑ ላልቶ የተቀመጠ ጀሪካን እንፋሎቱን በአልጋ ሥር አሳልፎ ምድጃው ድረስ ሊልከው ይችላል። እሳቱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ቤንዚን ከመኖሪያ ቤትና ከጭድ ክምር በራቀ፣ አየር በሚያገኝ ጥላ ሥር ይቀመጥ። የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን አትጨምሩ፤ አጥፉትና እስኪበርድ ሻይ ጠጡ። ጀሪካን ስታስሞሉም ከጋሪ ወይም ከባጃጅ ላይ አውርዳችሁ መሬት አስነኩት፤ ነዳጁ ሲወርድ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ብልጭታ ሳያወጣ ወደ መሬት ይገባል። ከተነሳባችሁ ደግሞ ውሃ አትድፉበት። ቤንዚኑ ውሃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ይዞ ይሄዳል። አፈር ወይም አሸዋ ድፉበት።

ሁለተኛው ጠባይ ሞተሩ ውስጥ የሚታየው ነው። የብስክሌት ጎማ ስትነፉ መንፊያው እንደሚሞቅ ታውቃላችሁ፤ አየር ሲታመቅ ይግላል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻ ከ16 እስከ 20 እጥፍ አጥብቦ ያምቀዋል፤ አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲግል ናፍጣው እንደ ጉም ይረጭበትና ራሱ ይነሳል። ስለዚህ ከናፍጣ የሚፈለገው በሙቀት ብቻ ፈጥኖ መነሳት ነው፤ ይህ የሚለካው ሲቴን በሚባል ቁጥር ነው። የቤንዚን ሞተር ተቃራኒው ነው። ነዳጁና አየሩ አብረው ይታመቃሉ፤ ካንዴላው ብልጭ እስኪል ድረስ ታግሶ መጠበቅ አለበት። የትዕግሥቱ መለኪያ ኦክቴን ይባላል። አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ታጋሽ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው። ናፍጣ ሞተር ውስጥ ቤንዚን ሲገባ ዘግይቶ ይነሳና በአንዴ ይፈነዳል፤ ሞተሩ ይደበድባል፣ ፒስተኑ ይጎዳል። ቤንዚን ሞተር ውስጥ ናፍጣ ሲገባ ደግሞ በደንብ አይተንም፤ ሞተሩ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ለመነሳት ያስቸግራል። ተሳስታችሁ ከጨመራችሁ «እስኪያልቅ ልሥራበት» አትበሉ። ካላስነሳችሁት ሰልባትዮውን ማራገፍ ይበቃል፤ ካስነሳችሁት ግን የሚራገፈውም የሚታጠበውም ይበዛል።

እዚህ ላይ ያቆየናት ልስላሴ ትመጣለች። የናፍጣ ሞተር ልቡ ነዳጅ የሚገፋው ፖምፓ ነው። በውስጡ የሚመላለሱት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት የሰው ፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ግራሶ አይገባባቸውም፤ በብዙዎቹ ፖምፓዎች የሚያለሰልሳቸው የሚያልፍባቸው ናፍጣ ራሱ ነው። ናፍጣው በነጭ ጋዝ ሲቀጥን ብረት ብረትን ይፍቃል። በዚያው ቀን ምንም አይታይም፤ እንዲያውም ሞተሩ በደንብ ይነሳል። ሰንበት ብሎ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ጠዋት አልነሳ ይላል። ያኔ ሰው ሁሉ «ሞተሩ ደካማ ነው» ይላል። እኔ በበኩሌ ነዳጅ በርካሽ አገኘሁ የሚል ሰው ስሰማ መጀመሪያ የማስበው ስለ ፖምፓው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚበዛው ጥፋት ግን ውሃ ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ሲመዝን 20 ሊትር ናፍጣ 17 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ናፍጣ ውስጥ የገባ ውሃ ወደ ሥር ይዘቅጣል፤ ሰልባትዮ ውስጥ ደግሞ ነዳጁ የሚቀዳው ከሥር በኩል ነው። ውሃው ከየት መጣ ትሉኛላችሁ። ቀጥ ብሎ የቆመ በርሜል አናቱ ላይ ዝናብ ያቁራል። ቀን በፀሐይ የሞቀው በርሜል ማታ ሲቀዘቅዝ እንደሚተነፍስ ሰው ወደ ውስጥ ይስባል፤ በክዳኑ ጥርስ በኩል የሚገባው አየር ብቻ ሳይሆን የተቋጠረው ውሃ ነው። ሁለተኛው መንገድ ጤዛ ነው። ግማሽ ባዶ በሆነ ሰልባትዮ ውስጥ ያለ አየር ሌሊት ሲበርድ እርጥበቱን ግድግዳው ላይ ይተዋል፤ እርጥበቱ ጠብ ጠብ ብሎ ወደ ሥር ይወርዳል። ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ደግሞ ዓይን የማያያቸው ተህዋስያን ይራባሉ፤ ሰልባትዮ ሲጸዳ የሚወጣው ጥቁር ልጋግ የእነሱ ሥራ ሊሆን ይችላል። ፊልትሮ ይዘጋል፣ ፖምፓ ያዝጋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። በርሜሉን አጋድማችሁ እንጨት ላይ አስቀምጡት፤ ሁለቱ ክዳኖች በግራና በቀኝ ትይዩ ይሁኑ፤ ውስጣቸው በነዳጅ ስለሚሸፈን አየርም ውሃም አይስቡም። ጥላ ይሥሩለት። ከመቅዳታችሁ በፊት ሳይነቀነቅ አንድ ቀንና ሌሊት ይርጋ፤ የቅጃ ቱቦውንም ሥሩ ድረስ አታስገቡት፣ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል። ከሥር የቀረውን በጠርሙስ አይታችሁ ካልጠራ አትጠቀሙበት። ማታ ሥራ ስትጨርሱ የናፍጣ ሰልባትዮ ሞልቶ ይደር፤ ለጤዛ ቦታ አይተርፍም። ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የውሃ መለያውን ብሎን ላላ አድርጋችሁ ንጹህ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ። ዚንክ የተቀባ ባልዲና በርሜል ለናፍጣ አይሆንም፤ ዚንኩ ከናፍጣው ጋር ተዋህዶ ፊልትሮ የሚዘጋ ነገር ይፈጥራል። መደበኛው የብረት በርሜል ወይም ለነዳጅ የተሠራ ጀሪካን ይሻላል። የፀረ ተባይ ጀሪካን ለነዳጅም ለምንም አይውልም፤ ይህን በሌላው ክፍለ ጊዜ ሰምታችኋል።

ክረምት ሲገባና መስኖ ሲቆም ሁለቱ ሞተሮች የተለያየ አያያዝ ይፈልጋሉ፤ ብዙ ሰው የሚምታታውም እዚህ ነው። የናፍጣው ሰልባትዮ ሞልቶ ይከርማል። የቤንዚኑ ግን ይራገፋል። ቤንዚን ከሦስት ወር በላይ ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ተኖ ያልቃል፤ የቀረው እንደ ሙጫ ይሆንና የካርቡራተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ሰልባትዮውን አራግፉ፤ ከዚያ በቱቦው ውስጥ የቀረውን ጨርሶ እስኪጠፋ ሞተሩን አስነሱት። በኅዳር ገመድ እየሳባችሁ ግማሽ ቀን ከመድከም ያድናል።

በጀርባ የሚታዘሉ የሞተር መርጫዎች ውስጥ ሁለት ምት የሚባሉት ለብቻው ዘይት የሚጨመርበት ቦታ የላቸውም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቃል። መሣሪያው ላይ 25 ለ 1 የሚል ከተጻፈ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር፣ 50 ለ 1 ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ነው። በግምት አታድርጉት። ሲያንስ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ሲበዛ ካንዴላው ይጠቁራል።

ሌላ ገዳይ ነገር አለ። ሞተር ውሃ ሽቅብ መሳብ የሚችለው ከ6 እስከ 7 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በደጋ ከዚያም ያንሳል። ጉድጓዱ ጥልቅ ሲሆን «ሞተሩን ወደ ታች እናውርደው» ይባላል። ነዳጅ ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጭስ ይወጣል፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም የወረደውን ሰው ሳያስነቃ ይጥለዋል። ሊያወጣው የወረደውም እዚያው ይቀራል። ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አውርዳችሁ አታስነሱ። ውሃው ከጠለቀ ለጥልቅ ጉድጓድ የተሠራ ፓምፕ ነው የሚያስፈልገው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ከወረዳው የመስኖ ባለሙያ ጋር ተመካከሩ።

ነዳጅ በአፍ መሳብም ይቅር። የተዋጠው ሳይሆን ወደ ሳንባ የሚገባው ትንሽ ነገር ነው የሚገድለው። ለዚህም ነው ላምባ የጠጣ ልጅ እንዲያስመልሰው የማይደረገው፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባልና ፈጥናችሁ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ላምባና ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ። ልጅ ውሃ መስሎት ያነሳዋል።

ስለ ግዢ አንድ ነገር ልበል። ናፍጣ ውስጥ የተደባለቀ ነጭ ጋዝ በዓይን አይታይም፤ በቤት የሚለይበት አስተማማኝ ዘዴ የለም። ስለዚህ ከታወቀ ማደያ መግዛትና ደረሰኝ መያዝ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል አብራችሁ የምትገዙ ከሆነ ከእያንዳንዱ ግዢ አንድ ጠርሙስ አሽጋችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ሞተር ከተበላሸ የምታሳዩት ማስረጃ ይኖራችኋል። ውሃና ቆሻሻ ግን በጠርሙስ ይታያል፤ ቤንዚን ውስጥ የገባ ናፍጣም በወረቀት ይለያል።

እነዚህን ሁለቱን ከሻይ በኋላ ከአዳራሹ ጀርባ በተግባር እናያቸዋለን። ሦስት ነጭ ጠርሙሶች ተዘጋጅተዋል፤ አንዱ ንጹህ ናፍጣ፣ አንዱ ውሃ የገባበት፣ አንዱ ከበርሜል ሥር የተቀዳ። ነጭ ወረቀት ላይም ከንጹህ ቤንዚንና ናፍጣ ከነካው ቤንዚን አንድ አንድ ጠብታ እናደርጋለን፤ ንጹሁ ተኖ ሲያልቅ የሌላው የቅባት ክብ ይቀራል። ሲጋራ የሚያጨስና ስልኩ የሚጠራበት ሰው በአጥሩ በኩል ይቁም። የናፍጣ ሞተር ያላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ የውሃ መለያውን ብሎን በተራ በተራ ራሳችሁ ትፈታላችሁ።